ሰማኝ፣ ቆመ፣ ዞሮ ሄደ፦ በስሪያ ወቅት ስለ ጥሪ እርዱኝ

ማለዳ_ጫካ | ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ብቻ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን መጠየቅ አለብኝ፤ ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኛል።

የማድነው ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን ነው፣ በቀስት። ይህ ሦስተኛ ወቅቴ ነው። ስሪያው ሲደርስ ጥሪ እጠቀማለሁ። የአውራውን ጉርምርምታ የሚያወጣ ቱቦ አለኝ። ሲገለብጡት እንደ እንስቷ "ሜእእ" የሚል ትንሽ ቆርቆሮ አለኝ። የአውራዎችን ጠብ ለማስመሰል የማጋጨው ቀንድም አለኝ። ድምፁን ቤቴ ውስጥ ለወራት ተለማምጃለሁ።

ባለፈው ሳምንት የሆነውን ልንገራችሁ። ገና ሳይነጋ ማማዬ ላይ ወጥቻለሁ። ጎህ እንደቀደደ አንድ ትልቅ አውራ አንገቱን ዘርግቶ መሬት መሬቱን እያሸተተ በ80 ሜትር ርቀት አለፈ። አንዴ አጉረመረምኩለት። ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለቱም ጆሮዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ልቤ በአፌ ልትወጣ ደረሰች። ደገምኩለት። ያለሁበትን ዛፍ ከታች እስከ ላይ አየው። ከዚያ ወደ ጎን ታጠፈና ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። በቃ ሄደ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ከጀርባዬ በአፍንጫው "ፍፍሽ!" ብሎ ሲነፋ ሰማሁ። ዞር ስል ነጭ ጭራውን ብቻ አየሁት፣ ሲዘል።

እንዲህ ሲሆንብኝ አራተኛ ጊዜዬ ነው። ችግሩ ቱቦው ነው? ሌላ ልግዛ? ወይስ ከነጭራሹ መጥራቱን ልተው?


ጋሽ_ማማ | ሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ ቱቦህ ምንም አልሆነም። አውራው ሰምቶሃል፣ ቆሟል፣ ሊያጣራም መጥቷል። ከጥሪ ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል? ነገሩን ያበላሹት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው ያ ሁለተኛው ጉርምርምታህ ነው። አጋዘን ጆሮዎቹን ለየብቻ ያዞራል። ድምፅ ከየት እንደወጣ አይስትም። ቆሞ ወደ አንተ እያየ ስትደግምለት ቦታውን በጣትህ ጠቆምክለት። እዚያ ቦታ ላይ ደግሞ አጋዘን የለም። የሚያየው ዛፍ ብቻ ነው። እኔ የምይዘው ሕግ ይህ ነው፦ ወደ እኔ እያየ ከሆነ ትንፋሽ የለም። ፊቱን ሲያዞር፣ መሄድ ሲጀምር፣ ያኔ አንዴ ቀስ አድርጌ እጠራዋለሁ።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። አውራ በጆሮው ይሰማል፣ በዓይኑ ይፈልጋል፣ የሚያምነው ግን አፍንጫውን ነው። ዕድሜ የጠገበ አውራ ወደ ድምፅ በቀጥታ አይመጣም። ዞሮ፣ ነፋሱ ጠረንህን ወደሚወስድበት በኩል ሄዶ ያሸትሃል። ያንተም ያደረገው ይህንኑ ነው። አሥር ደቂቃ የፈጀበት ያን ዙር ሲዞር ነው።

ስለዚህ ማማህን ከመስቀልህ በፊት ቁጭ በልና "ሊዞረኝ ሲል በየት በኩል ያልፋል?" ብለህ አስብ። ጠረንህ የሚሄድበት አቅጣጫ ላይ አውራ የማይደፍረው ነገር ይኑር። ጥልቅ ወንዝ፣ ገደል ወይም በቀን ብርሃን የማይገባበት ገላጣ ሜዳ ሊሆን ይችላል። ያ ከሌለህ ዙሩ ጠረንህ ጋ ከመድረሱ በፊት ቀስትህ በሚደርስበት ቦታ እንዲያልፍ አድርገህ ተቀመጥ። ይህን ሳላጣራ ቱቦ አፌ ላይ አላደርግም።

ተዳፋት ላይ ከሆንክ ደግሞ ነፋስ ባይኖርም አየሩ ራሱ ይሄዳል። ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ጠዋት ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ወደ ላይ ይነሳል። ማታ እንደገና ይወርዳል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደህና የነበረ ቦታ 4 ሰዓት ላይ ሊከዳህ ይችላል። ትንሽ የላባ ጭገር በክር አስረህ ቀስትህ ላይ አንጠልጥል፤ የአየሩን መንገድ ያሳይሃል።

ጊዜውንም አትርሳ። በሰሜኑ በኩል የባለ ነጭ ጭራ ስሪያ የሚጦፈው ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ገደማ አውራው ብቻውን ነው የሚንከራተተው። መሬት ይቧጭራል፣ ግንድ በቀንዱ ይፍቃል፣ እንስት ይፈልጋል፣ አላገኘም። ለጥሪ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ስሪያው ሲጦፍ ግን እንስቷን አግኝቷል። እሷ ድራት ላይ፣ ማለትም አውራ ለመቀበል ዝግጁ ሆና፣ የምትቆየው አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው፤ እሱም ከአጠገቧ ንቅንቅ አይልም። የያዛትን ትቶ ወዳላየው ድምፅ ለምን ይሄዳል? ያን ሰሞን ጫካው ጭር ሲልብህ አጋዘኖቹ ጠፍተው አይደለም።

በመጨረሻ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ሰዎች በጣም ይጮሃሉ።


ቀስተኛው | ሰኞ ሌሊት

ጋሼ፣ የነፋሱን ነገር በትክክል ነው ያስቀመጡት። "ድምፅህን ዝቅ አድርግ" በሚለው ግን አልስማማም። ለጉርምርምታ ልክ ነዎት። ለቀንድ ግጭት ግን አይሠራም።

በ1990ዎቹ ቴክሳስ ውስጥ በዚህ ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ተመራማሪዎቹ ቀንድ በተለያየ መንገድ እያጋጩ የሚመጡትን አውራዎች ቆጠሩ። አንዳንዴ ጮክ፣ አንዳንዴ ቀስ፤ አንዳንዴ ረዘም፣ አንዳንዴ አጠር እያደረጉ ሞከሩት። ጮክ ያለው ግጭት ቀስ ካለው በጣም ብዙ አውራ ሳበ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ድምፁ ሩቅ ይሄዳል፣ ብዙ ጆሮ ይሰማዋል። ከመጡትም አብዛኞቹ የታዩት ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ነበር። ይህ ደግሞ እርስዎ ያሉትን ያጠናክራል።

ማለዳ፣ ሁለት አውራዎች ሲጣሉ አይተህ ታውቃለህ? ቀንድ ብቻ አይደለም የሚሰማው። ቅርንጫፍ ይሰበራል፣ አፈር ይረገጣል፣ ያቃስታሉ። ማማ ላይ ሆነህ ይህን ሁሉ ማድረግ ይከብዳል። እኔ መሬት ላይ ስሆን በእግሬ ቅጠሉን እረግጣለሁ፣ ቀንዱን ከቁጥቋጦ ጋር አፋትገዋለሁ፣ ከዚያ ነው የማጋጨው።


ጋሽ_ማማ | ማክሰኞ ጠዋት

ቀስተኛው፣ እውነትህን ነው፤ ለቀንድ እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። የመጀመሪያውን ግጭት ሁልጊዜ ለስለስ አድርጌ ነው የምጀምረው። በ50 ሜትር ላይ የተኛ አውራ ካለ በድንገተኛ ጩኸት ይበረግጋል። አምስት ደቂቃ ጠብቄ፣ ማንም ካልመጣ፣ ያኔ ነው እንደምትለው የማስጮኸው።

ደግሞም አውራው ጥቂት፣ እንስቷ ብዙ የሆነበት ቦታ ላይ ቀንድ ማጋጨት ብዙም አያዋጣም። እንስት በሽ በሽ ከሆነች ማን ይጣላል? ማለዳ፣ ያንተ ጫካ እንዲህ ከሆነ ቀንዱን ቤት ተወው።


ቅጠል_ነፊ | ማክሰኞ ጠዋት

እኔ የሮ አጋዘን አዳኝ ነኝ። ትንሿ የአውሮፓ አጋዘን ናት። ስሪያዋ በበጋ ነው፣ ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት አጋማሽ። ከሁላችሁም ቀድሜ ወቅቴን ጨርሼ ነው የምጽፈው።

ስለ ቱቦ ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። በጀርመንና በኦስትሪያ የድሮ አዳኞች መጥሪያቸው የቢች ዛፍ ቅጠል ነበር፤ ዛሬም በቅጠል የሚጠሩ አሉ። ለስላሳ ቅጠል በሁለቱ አውራ ጣቶችና ጠቋሚ ጣቶች ወጠር አድርገህ ከንፈርህ ላይ ታስጠጋና ቀስ ብለህ ትነፋለህ። "ፊፕ... ፊፕ..." ይላል፣ ቀጭን ነው። ያ የእንስቷ ድምፅ ነው። ቅጠሉ ከአሥር ትንፋሽ በኋላ ይቀደዳል። ሌላ ትቀጥፋለህ። እኔ ከዚህ የተማርኩት ነገር አለ። ቅጠል እስኪቀጠፍ፣ እስኪወጠር ጊዜ ይፈጃል፣ ያ ጊዜ ደግሞ ዝምታ ነው። ፊሽካ ስገዛ ዝምታው ጠፋ። አደኔም አብሮ ተበላሸ። አሁን በፊሽካም ብሆን አራት አምስቴ ጠርቼ ሰዓቴን እያየሁ አሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገርም ልናገር። ለሮ አጋዘን የግልገል ጩኸት የሚያወጣ ፊሽካም ይሸጣል። እናት ልጇ የተያዘ መስሏት እየሮጠች ትመጣለች፣ አውራው እሷን ተከትሎ ይመጣል። ይሠራል፣ አልክድም። አንዴ ሞከርኩት። እናትየው አምስት ሜትር ላይ ቆማ እየተንቀጠቀጠች ዙሪያዋን ስታይ ነበር። ከዚያ በኋላ ያን ፊሽካ አልነካሁትም። ሌሎች ቢጠቀሙበት አልፈርድም፤ እኔ ግን አልችልም።


እምቢልታ | ማክሰኞ ከሰዓት

የኤልክ (የትልቁ የሰሜን አሜሪካ አጋዘን) አዳኝ ልግባበት፤ ሴፕቴምበር ሲመጣ ከእኔ በላይ የሚደሰት የለም።

የአውራ ኤልክ ጩኸት እምቢልታ ነው። ከታች ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀጭን ሆኖ ሸለቆውን ይሞላዋል፣ መጨረሻ ላይ ይንኳኳል። ያን የሚያህል እንስሳ እንዴት እንዲህ ቀጭን ድምፅ ያወጣል ብዬ ሁሌ ይገርመኝ ነበር። በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው አውራው በአንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ ነው የሚያወጣው፤ ከታች ወፍራም ግሳት፣ ከላይ ፉጨት። ቀረብ ብላችሁ ከሰማችሁ ወፍራሙም ይሰማል። በ40 ሜትር የሰማሁት ጊዜ ደረቴ ላይ ነው የተሰማኝ። ከሩቅ ግን ፉጨቱ ብቻ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ሩቅ መምሰል ስትፈልጉ ቀጭኗን ብቻ፣ ቅርብ መምሰል ስትፈልጉ ወፍራሙን ጨምሩበት።

ማለዳ፣ "መለሰልኝ ግን አልመጣም" የሚለው ችግር በኤልክ ይብሳል። መመለስና መምጣት ለየቅል ናቸው። እንስቶች የሰበሰበ አውራ ሌላ አውራ ሩቅ ሆኖ ሲጮህበት መልሶ ይጮሃል፤ ከዚያ እንስቶቹን እየነዳ ይሄዳል። ያለውን ይዞ መሸሽ ያዋጣዋል። ስለዚህ ሩቅ ሆኜ የአውራ ጩኸት አልጮህበትም። ዝም ብዬ እጠጋለሁ፤ 100 ሜትር ውስጥ ስገባ ነው የምጮህበት። ያኔ መሸሻ ጊዜ የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ግን የምጠቀመው የእንስቷን ድምፅ ነው፣ አጭር "እዩ" የምትለውን። ያኔ ጠብ ፍለጋ አይመጣም፤ ተጨማሪ እንስት ፍለጋ ይመጣል።

ስለ ቀይ አጋዘንም አንድ ነገር ልበል፣ የኤልክ የቅርብ ዘመድ ነውና። በስኮትላንድ ረም ደሴት ላይ ለዓመታት ተጠንቷል። አውራዎቹ ከመጣላታቸው በፊት በግሳት ይመዛዘናሉ። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል፤ የተበለጠው ዞሮ ይሄዳል። ግሳቱ የሰውነት መጠንን ይናገራል። ሲያገሳ ማንቁርቱን ወደ ደረቱ ይጎትተዋል፣ ድምፁም ይወፍራል። ተመራማሪዎች የትልቅና የትንሽ አውራ ድምፅ ሲያሰሙ አውራዎቹ ለትልቁ ይበልጥ ነቅተው፣ ይበልጥ እየደጋገሙ መለሱ። የምትነፋው ድምፅ ዕድሜህንና ኪሎህን ይናገራል ማለት ነው። ብዙ አዳኝ ገበያው ላይ ያለውን ትልቁን ቱቦ ገዝቶ የንጉሥ ድምፅ ያሰማል፤ ከዚያ መካከለኛው አውራ ሁሉ ይሸሸዋል። እኔ የጎረምሳ አውራ ድምፅ ነው የማሰማው። ጎረምሳን ማንም አይፈራም።

ደግሞ የሚያስደንቅ ነገር፦ በ1987 የታተመ ጥናት የአውራ ቀይ አጋዘን ግሳት እንስቶቹ ቶሎ ድራት ላይ እንዲገቡ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ድምፁ ብቻውን። ይህን ካነበብኩ በኋላ ጫካ ውስጥ የምሰማው ነገር ሁሉ ሌላ ሆነብኝ።

ጓደኛ ካለህ ሁለት ሆናችሁ ውጡ። ጠሪው ከተኳሹ ከ40 እስከ 50 ሜትር ኋላ ይቀመጥ፣ ትንሽ ወደ ጎን። አውራው ጠሪውን እየፈለገ ሲመጣ በተኳሹ አጠገብ ያልፋል፣ ጎኑንም ይሰጣል። ብቻህን ስትጠራ ግን ፊት ለፊት ነው የሚመጣው። ለቀስት ደግሞ ፊት ለፊት የቆመ እንስሳ መምታት ተገቢ አይደለም፤ አቁስሎ መልቀቅ ይመጣል።

ድብ ያለበት ጫካ ከሆነም ጀርባችሁን ጠብቁ። የእንስትና የግልገል ድምፅ ድብንም ይጠራል።


ማለዳ_ጫካ | ማክሰኞ ማታ

ምን ብዬ ላመስግናችሁ። ሁለቴ አነበብኩት። አሁን ማማዬ ከጀርባው ምንም እንደሌለው ገባኝ። ሰፊ ጫካ ነው፤ እንደፈለገ ይዞረኛል። ወንዙ 200 ሜትር ላይ አለ፤ ቅዳሜ ሳይደርስ ማማውን ወደዚያ አዛውራለሁ።

ጥቂት ጥያቄዎች ቀሩኝ። በስንት ደቂቃ ልጥራ? ጨረቃ ለውጥ ታመጣለች የሚሉስ? በስልክ የተቀዳ ድምፅ ማሰማት ይቻላል?


ጋሽ_ማማ | ማክሰኞ ማታ

ምንም እንስሳ በማላይበት ጊዜ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ሁለቴ አጉረመርማለሁ። ከዚያ በላይ አይደለም። ካየሁ ደግሞ ሰዓቱን ትቼ እሱን ነው የማየው። ጭራውን አርግቦ፣ ጆሮውን ወደ ፊት አድርጎ ከመጣ ከእንግዲህ ጥሪ የለም። እየመጣ ያለን እንስሳ ምን ብለህ ትጠራዋለህ?

ጨረቃን ተዋት። ስሪያውን የሚቀሰቅሰው የቀኑ ማጠር ነው። የእንስቶችን ፅንስ ለክተው የተፀነሰበትን ቀን ያሰሉ ሰዎች በአንድ አካባቢ ከዓመት ዓመት ያው ሳምንት ላይ ሲውል ነው ያገኙት። ጨረቃ ግን በየዓመቱ ትዛወራለች።


ቀስተኛው | ማክሰኞ ሌሊት

የተቀዳ ድምፅ፦ ከመውጣትህ በፊት ያለህበትን አገር ሕግ አንብብ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ለአጋዘን፣ ለኤልክና ለተርኪ (ለዱር ቱርክ ዶሮ) በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መጥራት ክልክል ነው። በአውሮፓም የ1979 የበርን ስምምነት የድምፅ መቅረጫን ከተከለከሉት የአደን ዘዴዎች ጋር ይዘረዝረዋል። ከሕጉም ባሻገር ስልክ አይሰማም። አውራው የሚናገረውን አይሰማም፣ አውራው ጆሮውን ሲያዞር ዝም አይልም።

የእንስት ሽንት በጠርሙስ ስለሚሸጡትም ጠይቅ። የአጋዘንን አንጎል የሚበላ በሽታ አለ፤ አምጪው በሽንትም ስለሚወጣ አንዳንድ ግዛቶች የተፈጥሮ ሽንት ከልክለዋል። እኔ ከጫካው ላይ ምንም ላለማምጣት ብዬ ሙሉ በሙሉ ትቼዋለሁ።


የተርኪ_እህት | ረቡዕ ጠዋት

እዚህ የማነበው አጋዘን ብቻ ነው፤ እኔ ግን አንድ አስፈላጊ ነገር ልንገራችሁ። የጸደይ የተርኪ አደን ሙሉ በሙሉ በጥሪ ነው። በተፈጥሮ አውራው ይጮሃል፣ እንስቷ ወደ እሱ ትሄዳለች። እኛ ደግሞ እሱ ወደ እኛ እንዲመጣ እንፈልጋለን፣ ማለትም ልማዱን እንገለብጣለን። ለዚህ ነው 70 ሜትር ላይ ቆሞ እየጮኸ የሚጠብቀው። እኔ መልስ ካገኘሁ በኋላ ዝም እላለሁ። የጠፋችበት ሲመስለው ሊፈልጋት ይነሳል።

ልናገር የፈለግኩት ግን ስለ ሌላው አዳኝ ነው። ጥሩ ጥሪ ሰውንም ይጠራል። አንድ ጸደይ ዛፍ ተደግፌ እየጠራሁ ነበር። ከግራዬ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ተርኪው መጣ ብዬ ዓይኔን ብቻ አዞርኩ። ያየሁት ጠመንጃ ነው። አፈሙዙ ወደ እኔ ያጋደለ፣ ከኋላው ጎንበስ ብሎ የሚሳብ ሰው። እጄን ላውለበልብ ነበር። ደግነቱ የተማርኩት ትዝ አለኝና ሳልነቃነቅ በሙሉ ድምፄ "ሰው ነኝ! አቁም!" ብዬ ጮህኩ። ሰውየው መሬት ላይ ቁጭ ነው ያለው። እጁ ሲንቀጠቀጥ ነበር፤ የእኔም እንዲሁ።

ከዚያ ወዲህ አጥብቄ የምይዛቸው ነገሮች አሉ። ከትከሻዬ የሚሰፋ ዛፍ ሳላገኝ አልቀመጥም። ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ ልብስ አልለብስም፣ የውስጥ ካልሲም ቢሆን፤ በጸደይ የአውራ ተርኪ ራስ እነዚህ ቀለሞች ናቸው። ሰው ካየሁ አላውለበልብም፣ እናገራለሁ። የተርኪ ድምፅ ሰምቼ ደግሞ ተስቤ አልሄድም። ያ ድምፅ እኔን የመሰለች ሴት ልትሆን ትችላለች።

እባካችሁ የኤልክና የአጋዘን ጠሪዎችም ይህን አስቡበት።


እምቢልታ | ረቡዕ ጠዋት

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። እኔም ሁለቴ ከሌላ ጠሪ ጋር ለግማሽ ሰዓት ተጯጩኼ አውቃለሁ። ብርቱካናማ ሰደርያ የሚያስገድድ ሕግ ባይኖር እንኳ ስንቀሳቀስ እለብሳለሁ።


ሙስ_ጠባቂ | ረቡዕ ከሰዓት

በአጭሩ ልናገር። ሙስ፣ ከአጋዘን ዘር ሁሉ ትልቁ፣ ከሁሉም ይለያል። ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ድረስ የእንስቷን ረጅም ማቃሰት በእጅ ወይም ከበርች ዛፍ ልጥ በተጠቀለለ ቀንድ እንጠራለን። ፀጥ ባለ ማለዳ ሩቅ ይሰማል። ከዚያ መጠበቅ ነው። አውራው ከሰማ በኋላ ለመድረስ ሰዓታት ሊፈጅበት ይችላል። ያን የሚያህል አካል ደግሞ ቅጠል ሳያንኮሻኩሽ ይመጣል። አንዴ ማታ ጠርቼ፣ ምንም ሳይመጣ ወደ ድንኳኔ ተመለስኩ። ጠዋት ስመጣ የተቀመጥኩበት ጉቶ አጠገብ ኮቴው ነበር፣ ውርጩ ላይ፣ ትኩስ።

ስለዚህ ከጠራችሁበት ቦታ ቶሎ አትነሱ።


ብርድ_ሰፈር | ረቡዕ ማታ

ስለ ቱቦው ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ብርድ ሲበረታ ትንፋሻችሁ ውስጡ ጤዛ ይሆናል፣ ጤዛው ድምፅ በሚያወጣው ቀጭን ልሳን ላይ ይቀዘቅዛል። አውራው ሲመጣ ትነፋላችሁ፣ "ጭጭ" ይላል ወይም እንደ ዳክዬ ይጮሃል። እኔ ቱቦዬን በክር አንገቴ ላይ አስሬ ከጃኬቴ ሥር፣ ከገላዬ ጋር ነው የማቆየው። ከመንፋቴ በፊት አንዴ አራግፈዋለሁ። ቤት ስገባ ፈትቼ አደርቀዋለሁ።


ቀስተኛው | ረቡዕ ማታ

ማለዳ፣ አንድ የመጨረሻ ምክር። በአፍንጫ የሚነፋውን የዛቻ ድምፅ ማንም ቢመክርህ ገና አትሞክረው። ያ ድምፅ "ና እንጣላ" ነው። የአካባቢው ኃይለኛ አውራ ይመጣበታል፣ ሌላው ግን ይሸሻል። የቱን እንደምታይ ሳታውቅ አትጠቀምበት።


ጋሽ_ማማ | ረቡዕ ሌሊት

በዚህ እንኳ ተስማምተናል።


ማለዳ_ጫካ | ቅዳሜ ማታ

እጄ አሁንም እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ሐሙስ ከሰዓት ማማውን ወደ ወንዙ አዛወርኩት። ወንዙ ከጀርባዬ፣ ዳርቻው ገደል። በእኔና በገደሉ መካከል 25 ሜትር የምትሆን ጠባብ መሬት አለች። ሊያሸተኝ የሚፈልግ በዚያች በኩል ማለፍ አለበት። ዛሬ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ወጣሁ። ላባዬ ቀስ እያለች ወደ ወንዙ ትሄድ ነበር።

ጎህ ሲቀድ ቀንድ አጋጨሁ፣ መጀመሪያ ቀስ ብዬ፣ ቆይቼ ጮክ አድርጌ። ምንም። በየግማሽ ሰዓቱ አጉረመረምኩ። ሁለት እንስቶች አለፉ፣ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። 2 ሰዓት ከ40 ላይ ሁለቴ አጉረመረምኩና ቱቦውን ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ብርድ ሰፈር፣ ያንተን ምክር ነው።

ከዚያ ጊዜው አልሄድ አለ። ዝም ማለት ይህን ያህል ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ጣቶቼ በድን ሆኑ። ላባዋን ብቻ አያለሁ።

ምንም ድምፅ አልሰማሁም። በግራ በኩል፣ በገደሉ ጫፍ፣ መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ቀጥሎ አፍንጫ፣ ወደ ላይ የተነሳ፣ እያሸተተ። አንድ የቀንዱ ቅርንጫፍ የተሰበረ አውራ ነው፤ አንገቱ እንደ ግንድ አብጧል። በዚያች ጠባብ መሬት ላይ እየተራመደ መጣ፣ ጠረኔ ወደሚወርድበት። ሦስት እርምጃ ቢጨምር ያገኘኝ ነበር። ራሱ ከዛፍ ጀርባ ሲሆን ቀስቴን ሳብኩ። ሲወጣ በአፌ ቀስ ብዬ "ሜእ" አልኩ። ቆመ። 18 ሜትር። ሙሉ ጎኑን ሰጥቶኛል።

60 ሜትር አልሄደም። አጠገቡ ተንበርክኬ ለረጅም ጊዜ እጄን አንገቱ ላይ አድርጌ ቆየሁ።


ጋሽ_ማማ | ቅዳሜ ማታ

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ! እንባዬ ነው የመጣው። አንድ ነገር ንገረኝ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ከጠራህ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ነው የታየህ?


ማለዳ_ጫካ | ቅዳሜ ማታ

ጋሼ፣ 22 ደቂቃ። ደግሜ ልጠራ እጄ ጃኬቴ ውስጥ ገብቶ ቱቦውን ይዞ ነበር።